በጥቁር ፕላስቲክ የሚመጣ አበባ

ችግኝ ሻጭ ፊት የቆመ አዲስ አበቤ የሚጠይቀው ይታወቃል። «ስንት ነው?»፣ «ቀዩ የለም?»፣ «ቶሎ ያብባል?»። ግቢው ፀሐይ የሚያገኘው ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት፣ አፈሩ ቀይ ነው ወይስ ዋልካ፣ ይህን የሚጠይቅ ገዢም ሻጭም እምብዛም አይገኝም። ዋልካ ላይ የተተከለ ጽጌረዳ ሐምሌ ላይ ሥሩ ውኃ ውስጥ ቆሞ ይበሰብሳል። ከክረምቱ ቢተርፍ እንኳ በበጋ መሬቱ ሲሰነጠቅ ሥሩ አብሮ ይበጠሳል። ባለቤቱ ግን «ዓይን በላው» ይላል።

*

ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅለው ብቸኛው የጽጌረዳ ዘር የእኛው ቀጋ ነው። ነጭ አበባው ያውዳል፤ ቀይ ፍሬውን ደግሞ እረኛ ሁሉ ያውቀዋል። ደገኛ ስለሆነ የአዲስ አበባ ብርድ አያስደነግጠውም። አንድ ችግኝ ሻጭ ቀጋ እንዳለው ብጠይቀው ሳቀብኝ፦ «ጋሼ፣ ቀጋማ አጥር ነው እንጂ አበባ ነው እንዴ!» ከኋላው የተደረደሩት ቀያይ ጽጌረዳዎች ዘንድ አፍንጫዬን አስጠጋሁ። ምንም አይሸቱም።

*

እንሶስላን የምናውቀው በሥሩ ነው፤ ተወቅጦ የሴቶችን እጅና እግር ያቀላል። አበባውን ልብ ብሎ ያየ ግን ስንት ነው? ትልቅ፣ ነጭ፣ ጉሮሮው ደማቅ ቀይ፣ ማታ ማታ መዓዛው የሚያይል። እንግሊዝ አገር ይህንኑ ተክል ለአበባው ብቻ ብለው የሚያሳድጉ አትክልተኞች አሉ፤ የክረምቱ ውርጭ ሥሩን እንዳይገድለው አልብሰው ያሳድሩታል። ከእኛ አገር የሄደ ነጭ ግላዲዮለስም አለ፤ አውሮፓ ውስጥ ኮረቱ የሚሸጠው በአቢሲኒያ ስም ነው። ብርዱ ሲመጣ ቆፍረው ቤት ያስገቡታል፣ ሲሞቅ መልሰው ይተክሉታል። ለጥቂት ሳምንት አበባ ይህ ሁሉ ድካም! እዚህ ያለ ድካም የሚበቅለውን ግን ከችግኝ መሸጫ አላገኘሁትም። አንድን ተክል አበባ የሚያሰኘው በጥቁር ፕላስቲክ መምጣቱና ዋጋ የተቆረጠለት መሆኑ ነው መሰል።

*

ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር እንደ ቡገንቪሊያ የሚስማማ የለም። ፀሐይ ይስጡት እንጂ ጥማትን ይችላል። ቀለም የምንለው ቅጠሉ ነው፤ እውነተኛው አበባ መሐል ላይ ያለችው ነጭ ነጥብ ናት። ውኃ ሲበዛበት ደግሞ አረንጓዴ ብቻ ይሆናል። ጎረቤቴ በየማለዳው በባልዲ ያጠጡታል፤ እንቢ ብሎ አያብብም። «እትዬ፣ ትንሽ ያስጠሙት» አልኳቸው። «ውኃ ከልክዬ ላሳብበው? ግፍ ነው!» አሉኝ። አሁንም ያጠጡታል።

*

ዘመድ ከሆላንድ የቱሊፕ ኮረት ይልካል። ቱሊፕ በደንብ እንዲያብብ 3 ወር ያህል ብርቱ ብርድ ይፈልጋል፤ የእኛ ብርድ ደግሞ ሌሊት መጥቶ ጠዋት የሚሄድ ነው። ስለዚህ ኮረቱ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከቲማቲሙ ጎን ይከርማል። ከሜክሲኮ ደጋ የመጣው ዳሊያ ግን እዚህ አገሩ ነው።

*

ጥሩምባ የሚመስል አበባውን ወደ ታች ያንጠለጠለው፣ ሲመሽ ግቢውን በመዓዛ የሚሞላው ዛፍ የአስተናግር የቅርብ ዘመድ ነው። ከሥሩ እስከ ፍሬው መርዝ ነው። ሕፃን የሚድህበት ቤት በር ላይ ተተክሎ ያየሁት ደጋግሜ ነው።

*

ለውበቱ ተብሎ ከአገሩ ወጥቶ አገር የበላም አለ። እምቦጭ አበባው ሐምራዊ፣ እጅግ ያማረ ነው፤ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰው በዚሁ መልኩ ነው። እኛ ዘንድ በቆቃና በአዋሽ መታየቱ የተመዘገበው በ1965 እ.ኤ.አ. ነበር፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጣና ላይ መኖሩ ይፋ ሆነ። የወፍ ቆሎም እንዲሁ የአጥር ጌጥ ሆኖ መጥቶ፣ ዛሬ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል የግጦሽ መሬት ይወርራል። ሻጩ «ይሄ ምንም አይፈልግም፣ ራሱ ይስፋፋል» ሲል ገዢው ደስ ይለዋል። እኔ ግን ያኔ ነው የምጠራጠረው።

*

የእናቶቻችን ደጅ ላይ መጀመሪያ የሚተከለው ጤና አዳም ነበር፣ ቀጥሎ በሶብላ፣ አሪቲ። ጤና አዳም ቢጫ አበባ አለው። ግን ቡና በተፈላ ቁጥር ስለሚቀጠፍ ለማበብ ጊዜ የሚሰጠው የለም።

*

አደይ አበባን ተክሎ ያሳደገ ሰው አላውቅም። ሣሩ ካልተነካ ራሱ ይመጣል። የሰፈራችን ባለቪላ ነሐሴ ላይ አትክልተኛ ጠርተው «ይሄን አረም አጽዳልኝ» ብለው ግቢውን ሙልጭ አድርገው ያሳጭዳሉ። ጳጉሜን ላይ መኪናቸውን አስነሥተው አደይ ሊገዙ ይወጣሉ፤ ዘንድሮ ተወዷል እያሉም ያማርራሉ።