ድር ቢያብር ኪሜራ ያስር

እናንተዬ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጌም ነው። «ይሄ ልጅ ደግሞ መቼ ነው የሚያድገው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግዴለም፣ ጨርሳችሁ ፍረዱ።

ጊዜው 1998 ዓ.ም.፣ ቦታው ሻሸመኔ። ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ የምንሮጠው ስድስት ኮምፒውተሮች በገመድ ወደተያያዙበት አንድ ጠባብ ጌም ቤት ነበር። የምንጫወተው ዋርክራፍት ሦስትን ነው፤ ብሊዛርድ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣውን «ፍሮዝን ስሮን» የተባለውን ተጨማሪ ክፍል፣ ከየት እንደተቀዳ በማይታወቅ ሲዲ። ለማታውቁት፦ ወርቅና እንጨት ትሰበስባላችሁ፣ ቤት ትሠራላችሁ፣ ጦር ታሰለጥናላችሁ፣ ከዚያ የጠላትን ከተማ ታፈርሳላችሁ። ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የሚሯሯጠው።

እኔ ኤልፎቹን እይዛለሁ። ነፍሴ ግን ኪሜራ ላይ ነበረች። ኪሜራ ሁለት ራስ ያለው በራሪ አውሬ ነው፤ የሚተፋው ነገር ሕንፃን እንደ ቅቤ ያቀልጣል።

መቼም ሻሸመኔ የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ መጥቶ ወደ ሐዋሳ የሚወርደውም፣ ወደ ወላይታ ሶዶ ወይም ወደ ባሌ የሚታጠፈውም እኛ ጋ ሳይደርስ አይለያይም። የጌሙ እግረኛ ጦርም እንደዚያው ነው፤ በየት እንደሚመጣ ስለምታውቁ መንገድ ላይ ትጠብቁታላችሁ። ኪሜራ ግን መናኸሪያ የሚባል ነገር አያውቅም። ጫካውን ተሻግሮ በጓሮ ከች ይላል።

ተጋጣሚዬ ከኮፈሌ መጥቶ አክስቱ ጋ የሚኖር የክፍሌ ልጅ ነበር። ሁልጊዜ የሚይዘው የሙታኑን ወገን፣ ሁልጊዜ የሚያሰለጥነው ጉል የሚባለውን ርካሽ እግረኛ ነው። ጉል መሬት ላይ ያገኘውን ሁሉ ይቦጫጭቃል፤ ሰማይ ላይ ያለውን ግን አይደርስበትም። አራት ኪሜራ ይዤ ስመጣ ጉሎቹ አንጋጠው ያያሉ፣ ከተማው ይቀልጣል። በቤቱ ሕግ ደግሞ የተሸነፈ የሁለቱንም ሒሳብ ይከፍላል። ዘጠኝ ጊዜ ተከታትሎ የሳምቡሳ ሳንቲሙን ከፈለ። በዘጠነኛው ምንም ሳይናገር ወጣ። ከዚያ በኋላ አልመጣም፤ ክፍል ውስጥም ቦታ ቀየረ።

የቀሩትም ልጆች አመረሩና አዲስ ሕግ ወጣ፦ በራሪ ክልክል ነው! ፍትሕ የሰፈነ መሰለን። ምን ሆነ መሰላችሁ? ሁሉም በሩ ላይ ማማ ደርድሮ ቤቱ ተቀመጠ። በጓሮ የሚመጣ ስለሌለ ማንም አልፈራ፣ ማንም አልወጣ። መብራት ሲጠፋ ነበር እፎይ የምንለው።

በሦስተኛው ሳምንት ያ ልጅ በሩ ላይ ቆመ። «በራሪውን ፍቀዱለት» አለ። ለካ ጠዋት ጠዋት፣ ሰው ሳይመጣ፣ ብቻውን ከኮምፒውተሩ ጋር ሲለማመድ ኖሯል።

ጀመርን። ገና በጊዜ ጋርጎይል የምትባለዋን በራሪውን ከተማዬ ላይ አዙሮ የኪሜራውን ጎጆ አየብኝ። እኔ ንቄ ቀጠልኩ። አንድ ኪሜራ 330 ወርቅና 70 እንጨት ይበላል፤ 100 ከሚደርሰው የቀለብ ጣሪያ ላይ ደግሞ 5 ይወስዳል። ቀለቡ ከ50 ሲያልፍ ከምትቆፍሩት 10 ወርቅ የሚደርሳችሁ 7 ነው፤ ከ80 ሲያልፍ 4። እኔ ያለኝን ሁሉ ለኪሜራ አውጥቼ ቀስተኞችን ረስቻለሁ።

ስደርስ ሸረሪቶቹ ጠበቁኝ። ክሪፕት ፊንድ ይባላሉ፤ ድራቸውን ወደ ሰማይ ወርውረው በራሪን መሬት ያወርዳሉ። የወረደውን ጉሎቹ ተረባረቡበት። ያልወረደውን ጋርጎይሎቹ ከበቡት። ኪሜራ ደግሞ አየር ላይ ያለ ጠላትን መምታት አይችልም! የሰማዩ ንጉሥ ሰማይ ላይ ተበላ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለውን ተረት በዓይኔ አየሁት።

ልጆቹ ጮሁ። እኔ ሒሳብ ከፈልኩ። ስንወጣ ያ ልጅ ቀስ ብሎ «ድሩን ታውቀው ነበር አይደል?» አለኝ።

አውቀው ነበር። አንድ ቀን በእሱ ወገን ተጫውቼ አይቼዋለሁ። አልነገርኩትም።

ጌሙን የሠሩት ሰዎች የቤት ሥራቸውን ሠርተዋል። ለበራሪው ዋጋ ቆርጠውለታል፣ ቀለብ አስከፍለውታል፣ የሚያወርደውን ድር ለሌላው ሰጥተዋል፣ ቀድሞ የሚያይበትን መንገድም አልከለከሉም። እኛ ግን ኪሜራውን ከሰስን፣ ሰማዩን ዘጋን፤ ጨዋታው ሞተ። ሚዛኑን ያጣመምኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ጊዜ ስረታ ያሸነፍኩት በጉብዝና መስሎኝ ነበር፤ ያሸነፍኩት ግን ጓደኛዬ ያለው መሣሪያ ምን እንደሆነ ባለማወቁ ነው። ከዚያ ወዲህ በሥራም በትምህርትም፣ አንዱ ሁሌ ሲያሸንፍ ሌላው ሁሌ ሲከፍል ባየሁ ቁጥር «ድሩን ማን ደብቆበት ይሆን?» እላለሁ።

መልሰን ጓደኛሞች ሆንን። ለበዓል ስንገናኝ ዛሬም ያነሳብኛል። የዚያን ቀን ሒሳብ ከፍያለሁ፤ የዘጠኙ ቀን ሳምቡሳ ግን እስካሁን አለብኝ።