የኳስ ወራት በጅቡቲ

በጅቡቲ ከተማ የኳስ ወራት የሚከፈተው ሙቀቱ ሲበርድ፥ ይኸውም በጥቅምት ገደማ ነው። በክረምት ኀምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ ሲነፍስና ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣ፥ ዐቅም ያለው ወደ ደጋ አገር ይሸሻል፤ ሌላው በጥላ ሥር ይውላል። ጥቅምት ሲገባ ግን በባልባላ ሰፈር፥ ሣር በማያውቀው ጠጠር ሜዳ ላይ፥ ልጆች ድንጋይ ለግብ ምልክት አቁመው ይሰለፋሉ። ጨዋታው ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት አይጀመርም፤ ከቀትር በኋላ ከኢትዮጵያ የመጣው ጫት በየቤቱ ስለሚገባ ከተማው ጸጥ ይላልና። በ8 ሰዓት ዳኛ ፍለጋ የወጣ ሰው ትርፉ ድካም ብቻ ነው።

እኛ ለመንግሥት ሥራ ተልከን በዚያች ከተማ አራት ዓመት ተቀምጠናል። የ13 ዓመት ልጃችን የሰፈሩ ቡድን ግብ ጠባቂ ነበረ። በቤት በአፍ መፍቻ ቋንቋችን በትግርኛ «ኩዕሶ እግሪ» ይላል፤ አማርኛ ስናስጠናው «እግር ኳስ» ይላል፤ ሜዳ ላይ ግን ሶማሊኛው፥ ዓፋርኛውና ፈረንሳይኛው ተደባልቆ ከአፉ ሲወጣ እኛ አንከታተለውም። እኛ አማርኛን በሚስዮን ትምህርት ቤት ከመጽሐፍ ስለ ተማርን፥ ቋንቋን በሩጫ የሚማር ሰው ያስቀናናል።

ጎረቤታችን ሐጂ፥ ልጃቸው በካናዳ፥ በኬቤክ ከተማ በላቫል ዩኒቨርሲቲ ይማራል። እርሱ በስልክ የሚያወራው ኳስ ስሙ ከኛው ጋራ አንድ ሆኖ ነገሩ ሌላ ነው። ኳሱ እንደ እንቁላል የሾለ ነው፤ በአብዛኛው የሚያዘው በእጅ ነው፤ በእያንዳንዱ ወገን 12 ሰዎች ይሰለፋሉ፤ ሜዳው 110 ያርድ ይረዝማል። አንድ ቡድን በሦስት ሙከራ 10 ያርድ ካልገፋ ኳሱን ለባላጋራው ይለቃል። ዩኒቨርሲቲዎቹ የሚፎካከሩት ከነሐሴ መጨረሻ ገደማ ጀምሮ ሲሆን፥ ቫንየ የሚባለው ዋንጫ የሚለይበት ጊዜ ኅዳር ነው። ዋንጫው የተጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ነው፤ ላቫልም ከ10 ጊዜ በላይ ወስዶታል። ልጃችን ይህን ሰምቶ፥ «እነሱን በረዶ ይቀድማቸዋል፤ እኛን ፀሐይ» አለ።

ሐጂ ስለ አገራቸው ኳስ ሲነሣ ኩራትና ቁጭት ይቀላቀልባቸዋል። አገራቸው በፈረንሳይ እጅ ሳለች፥ በ1940 ዓ.ም. ኢትዮጵያ 5 ለ 0 አሸንፋታለች፤ ልጃችን ይህን እየጠቀሰ ያበሽቃቸዋል። እርሳቸውም መልሰው ኅዳር 6 ቀን 2000 ዓ.ም.ን ይጠሩለታል። በዚያ ዕለት ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሶማሊያን 1 ለ 0 ረቱ፤ ጅቡቲ የፊፋ አባል ከሆነች ወዲህ የመጀመሪያው ድል ይኸው ነበረ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ግን ሜዳቸው ስላልጸደቀ አልጄሪያን በእንግድነት የተቀበሏት ካይሮ ላይ ነው፤ 4 ለ 0ም ተሸነፉ። ሐጂ ሽንፈቱን ይችሉታል፤ በሰው አገር ማስተናገዳቸውን ግን እስከ ዛሬ አልቻሉትም።

ወደ አዲስ አበባ እንድንመለስ ትእዛዝ የደረሰን በታኅሣሥ፥ የኳሱም የትምህርቱም ወራት ገና እኩሌታው ላይ ሳለ ነበረ። ልጃችን አላለቀሰም፤ ሦስት ቀን ሙሉ ግን አልተናገረም። ባለቤታችን ትምህርቱ በመካከል መቋረጡን ፈራች፤ እኛ ደግሞ ልጅን በሰው ቤት መተው ከበደን። ይህን የሰሙት ሐጂ በማታ መጥተው፥ «የልጄ አልጋ ባዶ ነው፤ ልጃችሁ ይተኛበት፤ እስከ ሰኔ ይማር፥ ይጫወትም» አሉን። ሁለት ሌሊት መከርን፤ በሦስተኛው ቀን ባለቤታችን የልጁን ልብስ አጣጥፋ ወደ ጎረቤት ቤት ወሰደችው።

ባለፈው ሳምንት የሐጂ ልጅ ከኬቤክ ደውሎ፥ በአልጋው ላይ የኛ ልጅ መተኛቱን ሲነግሩት፥ መጀመሪያ የጠየቀው፥ «እስካሁን ስንት ግብ ገባበት?» ብሎ ነው አሉ።