አሮጌው ጨዋታና አዲሱ

በጅቡቲ ከተማ ዐርብ የዕረፍት ቀን ነው። ሐምሌ ሲገባ ግን ኸምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ ከምዕራብ ተነሥቶ ከተማውን እንደ ምጣድ ስለሚያግለው፥ ዕረፍት ማለት መዝጊያና መስኮት ዘግቶ መቀመጥ ማለት ይሆናል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት ሰዓት ልጁን «ውጣና ተጫወት» ብሎ ወደ መንገድ የሚሰድ ወላጅ የለም። እኛም ሕዝቡ እስከ ዛሬ የምኒልክ አደባባይ እያለ ከሚጠራው ሥፍራ ብዙ በማይርቅ ፎቅ ላይ ተከራይተን የምንኖር ስለሆነ፥ በዚያ ወራት የዘጠኝ ዓመቱ ልጃችን ሜዳ አንዲት ታብሌት ናት።

ባለፈው ሐምሌ አንድ ዐርብ እርሱ በታብሌቱ፥ እኔ በአሮጌው ኮምፒዩተሬ ላይ ተጎንብሰን ሳለ ድንገት ቀና ብሎ፦

«አባዬ፥ ያንተ አሮጌው ጨዋታ ይሻላል ወይስ የኔ አዲሱ?» ሲል ጠየቀኝ።

«የእኔ» አልሁት፥ ምንም ሳላስብ።

«ለምን?»

በመሥሪያ ቤት ምክንያቱ ያልተገለጸ ደብዳቤ ሲቀርብልኝ «ይብራራ» ብዬ የምመልስ ሰው ነኝ፤ ያን ዕለት ግን ለገዛ ልጄ የማብራራው ነገር አጣሁ። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ በቁሙ ለእርሱ የዘገየ መልስ አድርጋችሁ ብትመለከቱት አይከፋኝም።

ነገሩን ለማያውቁ አንባብያን አስቀድሜ ላስረዳ። ጨዋታው ፕላንትስ ቨርሰስ ዞምቢስ ይባላል። ዞምቢ የሚባሉ ከመቃብር የተነሡ ሙታን ያንድን ሰው ቤት ሊወርሩ ሲመጡ፥ ባለቤቱ በግቢው ሣር ላይ እጽዋት እየተከለ ይመክታቸዋል። የሱፍ አበባ ብርሃን ታመነጫለች፤ ብርሃኑ ደግሞ መግዣ ነው። የሱፍ አበባዋ 50፥ ጥይት የሚተፋው አተር 100 ይፈጃል። ሙታኑ በአምስት መሥመር ቀስ እያሉ ይመጣሉ፤ ተጫዋቹ የትኛውን ተክል በየትኛው መሥመር፥ መቼ እንደሚተክል ያስባል። እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፤ ሲነገር የሕፃን ጨዋታ ይመስላል፤ ሲጫወቱት ግን የጎተራ ጠባቂነትን ሥራ ያህል ሒሳብ አለው።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ፖፕካፕ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሚያዝያ 27 ቀን 2001 ዓ.ም. አወጣው። የአርበኞች የድል በዓላችን ቀን ላይ መዋሉ አጋጣሚ ብቻ ነው እንጂ፥ ዋናው ፈልሳፊ ጆርጅ ፋን ስለ ሚያዝያ 27 የሰማው ነገር ይኖራል ብዬ አልገምትም። ሁለተኛው የወጣው ነሐሴ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ፖፕካፕን ኤሌክትሮኒክ አርትስ የሚባለው ትልቅ ኩባንያ ገዝቶታል፤ ፋንም ሁለተኛው ከመውጣቱ በፊት ከኩባንያው ወጥቷል። የመጀመሪያው አንድ ጊዜ ተገዝቶ የገዢው ንብረት ይሆናል። ሁለተኛው በነፃ ይሰጣል፤ በውስጡ ግን ሱቅ አለው።

እኔ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ከመምህራኖቻችን አንዱ፥ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የነበሩት አባ፥ መጽሐፍ ስንመልስላቸው ታሪኩን ንገሩኝ አይሉም ነበር። «ደግመህ ልታነበው ትወዳለህን?» ብለው ብቻ ይጠይቃሉ። «አዎን» ያለ ልጅ ያንኑ መጽሐፍ መልሶ ይዞ ይሄዳል፤ «አልወድም» ያለ አዲስ ይሰጠዋል። ብዙዎቻችን አዲስ ለማግኘት ስንል በጥሩ መጻሕፍት ላይ በሐሰት እንመሰክር ነበር። ሆኖም ያ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልጠፋም፤ ሁለቱን ጨዋታዎች ልመዝን ስነሣ ከዚህ የተሻለ ሚዛን አላገኘሁም።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ያወቅሁት በ2003 ዓ.ም. ከመጀመሪያዎቹ ደመወዞቼ አጠራቅሜ ያገለገለ ላፕቶፕ በገዛሁ ጊዜ ነው። ለዕረፍት አዲግራት ወደ ቤተሰቦቼ ይዤው ስሄድ ያን ጊዜ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የነበረው ታናሽ ወንድሜ ወረሰኝ። ጨዋታው ሲከፈት «ማን ነህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የተጫዋቾችንም ስም በተርታ ጽፎ ያስቀምጣል። ወንድሜ ስሙን ከእኔ ስም በታች ጻፈ፤ በሦስተኛው ቀን ግን በደረጃ ከእኔ በላይ ሆነ።

ዋናው ጉዞ 50 ምዕራፍ አለው፤ ቀን፥ ሌሊት፥ የመዋኛ ገንዳ፥ ጉም፥ በመጨረሻም የቤቱ ጣራ፤ እያንዳንዳቸው ዐሥር ዐሥር ናቸው። አምሳው ሲፈጸም ዘፈን ይዘፈናል፤ አለቀ። እኛም አለቀ ብለን አዘንን። ወንድሜ ግን እንደገና «ጀምር» የሚለውን ሲነካው ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ዴቭ የሚባል፥ ድስት ራሱ ላይ የደፋ እብድ ጎረቤት አለ፤ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ በአብዛኞቹ ምዕራፎች ሦስቱን ተክሎች መራጩ እርሱ ነው። ደኅናውን ተክል ሊመርጥ ይችላል፤ ለዚያ ምዕራፍ ከቶ የማይረባውንም ሊመርጥ ይችላል። ተጫዋቹ በቀሪዎቹ ቦታዎች የእብዱን ጥፋት ሊያቃና ይጣጣራል። ሜዳው ያው፥ ሙታኑም እነዚያው ሆነው ሳለ፥ የለመድነው መፍትሔ አልሠራ ስላለ ጨዋታው እንደ አዲስ ሆነ። ባለሥልጣን የሆነ ሰው ይህን ዙር ቢጫወተው ብዙ ትምህርት ያገኝበት ነበር፤ የበታች ሠራተኛ ግን ዕለት ዕለት እየኖረበት ስለሆነ አያስፈልገውም።

ከዚያም በኋላ ወንድሜ የራሱን ሕግ ማውጣት ጀመረ። «ዛሬ ያለ አተር»፤ «ዛሬ በቀን የሚያንቀላፋውን እንጉዳይ ብቻ»፤ እያለ ራሱን ያስቸግራል። 49 ዓይነት ተክል ስላለ ሕጉ አያልቅበትም። ማንም አላዘዘው፥ ማንም አልሸለመው። እናታችን «ትናንት አላሸነፍኸውምን? ዛሬ ደግሞ ምን አደረገህ?» ስትለው፥ «ትናንት በሌላ አሸነፍሁት» ይላታል። ደግሞ የመጫወት ጣዕም ማለት ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱን የሚያመጣው ተጫዋቹ ራሱ ነው።

ወደ ሁለተኛው ልምጣ፤ ፍርዴም ወገንተኛ እንዳይሆን መልካሙን አስቀድማለሁ። ሥዕሉ ያማረ፥ ሐሳቡም ሰፊ ነው። ዓለማቱ በጅምሩ ሦስት ነበሩ፤ የጥንቷ ግብጽ፥ የባሕር ወንበዴዎች መርከብና የአሜሪካ ምዕራብ በረሃ። ኋላ እየተጨመሩ 11 ደርሰዋል። ለአንድ ተክል ልዩ ምግብ ሲያጎርሱት ለጥቂት ጊዜ ኃይሉ እጥፍ ድርብ የሚሆንበት ዘዴ ብልኅ ነው። ልጄ በኮኮናት መድፍ ሲተኩስ የሚያሰማውን ሣቅ የታችኛው ፎቅ ጎረቤቶች ሁሉ ያውቁታል። እኔ ራሴ ግብጽን ስጫወት ሁለት ሌሊት አምሽቻለሁ።

ነገር ግን ግብጽን እንደገና የተጫወትሁት ወድጄ አልነበረም። በወጣበት ጊዜ ወደ ሌላው ዓለም የሚያሳልፈውን በር ለመክፈት ኮከብ መሰብሰብ ያስፈልግ ነበር፤ ኮከቡም የሚገኘው ያሸነፉትን ምዕራፍ «ከሁለት ተክል በላይ አይሙትብህ»፥ «በዚህ ቦታ አትትከል» በሚል ትእዛዝ ደግሞ በመጫወት ነው። ልብ በሉ፤ ወንድሜ አዲግራት ሆኖ ለራሱ ያወጣው የነበረው ሕግ ይኸው ነው። ያን ጊዜ ፈቃድ የነበረው አሁን ቀረጥ ሆነ። ሰው ወድዶ የሚደግመውን ነገር ግዴታ ቢያደርጉበት፥ ቅጣት እንደ ተጣለበት ተማሪ ያንኑ መሥመር መቶ ጊዜ ይጽፋል፤ ነገር ግን መሥመሩን አይወደውም። ብዙ ሰው ሳያጉረመርም አልቀረምና ኩባንያው ይህን ሥርዓት በኋላ ቀየረው።

ሱቁ ግን እንዳለ ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ በመንገድ ላይ በድል ይገኙ የነበሩት በረዶ የሚተፋው አተርና እሳት የሚተፋው ቃሪያ በሁለተኛው የሚገኙት በእውነተኛ ገንዘብ ነው። ያለ ገንዘብ ጨዋታውን መጨረስ እንደሚቻል እመሰክራለሁ፤ ሆኖም የሕፃን ዓይን የተቆለፈውን ሲያይ ያልተቆለፈው ይረክስበታል። ልጄ ቃሪያውን እንድንገዛለት የለመነ ዕለት፥ ዶላሩን በ177 ፍራንክ ከ72 ሳንቲም አባዝቼ ለባለቤቴ ነገርኋት። እርስዋም፦

«ከአገራችን በመኪና የመጣ እውነተኛ ቃሪያ በሪያድ ገበያ ሞልቶ ሳለ ለሥዕል ቃሪያ ገንዘብ? ቤቱን ተከራይተናል፤ ቃሪያውን ደግሞ እንከራይ?» አለች። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

ሌላም አለ። አዲሱ ጨዋታ አያልቅም። በየቀኑ አዲስ ውድድር፥ በየቀኑ የሚከፈት ሽልማት አለው፤ አንድ ቀን ያልገባ ሰው የቀረበት ነገር እንዳለ ይሰማዋል። ልጄ ታብሌቱን ሲከፍት «ልጫወት» አይልም፤ «ሽልማቴን ልውሰድ» ይላል። ወደ ኋላ ተመልሶ የድሮውን ምዕራፍ ሲጫወትም ብዙ ጊዜ አላየሁትም፤ ከፊቱ ሁልጊዜ ሌላ ተቀምጦለታልና። ያላለቀ ነገር እንዴት ይደገማል? አባ ስለ እርሱ ቢጠይቁት ምን እንደሚመልስላቸው እንጃ።

አሁን የምጽፈውን መጻፍ ይገባኝ እንደ ሆነ ብዙ አመንትቻለሁ። በ2011 ዓ.ም. ወደ ጅቡቲ ተዛውሬ ስመጣ ላፕቶፑን ከአዲግራት ወሰድሁት። ወንድሜ ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ሞልቶት ጨዋታውን ረስቶታል ብዬ ነበር፤ ግን ለስንተኛ ጊዜ እንደ ሆነ አላውቅም፥ እንደገና ጀምሮ ጣራው ላይ፥ ከመጨረሻው አንድ ምዕራፍ በፊት ደርሶ ነበር። «ሳልጨርስ ወሰድኸው፤ እንግዲያውስ እስክመጣ አትንካብኝ» አለኝ። በቀልድ ነበር።

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ፤ ስልክ ተቋረጠ። ያን ጊዜ ከሥራ ስመለስ ላፕቶፑን እከፍት ነበር። በጨዋታው ውስጥ ተጫዋቹ ለብቻው የሚያለማው አንድ የአትክልት ቦታ አለ፤ ተክሎቹ ውኃ ሲጠማቸው በምልክት ያሳያሉ። በወንድሜ ስም ገብቼ ውኃ አጠጣለሁ፤ ሌላ ምንም አልነካም፤ ጣራውን አላየውም። አንድ ጊዜ ሥራ በዝቶብኝ ለብዙ ሳምንታት ሳልከፍተው ቀረሁና ፈርቼ ገባሁ። አንድም ተክል አልሞተም ነበር። የመጀመሪያው ጨዋታ ተክሎች ውኃ ባያገኙ ይጠማቸዋል እንጂ አይሞቱም፤ ሠሪዎቹ እንዲህ አድርገው ሠርተውታል። ይህን ሳውቅ ለምን እንደ አለቀስሁ ባለቤቴ አልጠየቀችኝም። እርስዋ በሰገነቱ ላይ በጣሳ የተከለችው ጤና አዳምና በሶብላ በዚያው ሰሞን በኸምሲኑ ደርቆ ነበር።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ሆነ። የስልኩ መሥመር ሲመለስ ወንድሜ ስለ ሁሉም ነገር ጥቂት ጥቂት ነገረኝ፤ ስለ ጨዋታው አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁም።

ልጄ ያን ጥያቄ ከጠየቀኝ ከሁለት ወር በኋላ፥ መስከረም ላይ፥ ወንድሜ ከድሬዳዋ በባቡር መጣ። ናጋድ ጣቢያ ተቀበልነው። ልጄ ትግርኛ ይሰማል እንጂ መልሶ አይናገርም፤ አጎቱ በትግርኛ ሲያናግረው እርሱ በአማርኛ፥ ሲቸግረውም የትምህርት ቤቱን ፈረንሳይኛ ጨምሮ ይመልስለታል። በሁለተኛው ቀን ማታ ላፕቶፑን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት። ባትሪው ሞቷል፤ ካልተሰካ አይሠራም። ወንድሜ ስሙን ከተርታው ውስጥ አይቶ ዝም አለ፤ ቀጥሎም ለልጁ አጠገቡ ቦታ ለቀቀለት።

ዴቭ የመረጠላቸው ሦስት ተክሎች ለጣራ የማይሆኑ ነበሩና ሁለት ጊዜ ተሸነፉ፤ በሦስተኛው ምዕራፉን አለፉት። በመጨረሻው ምዕራፍ የሙታኑ አለቃ በትልቅ የብረት ሰው ላይ ተቀምጦ የበረዶ ድንጋይ እያንከባለለ ሲሰድ፥ ለተጫዋቹ ቃሪያ ይሰጠዋል፤ በረዶውን የሚያቀልጠው እርሱ ነው። ወንድሜ ቃሪያውን ልጄ እንዲያኖረው ተወለት። ልጁም ወደ እኔ ዞሮ፦

«አባዬ! ይሄ እኮ በኔ ጨዋታ በገንዘብ ነው!» አለ።

አሸነፉ፤ ዘፈኑም ተዘፈነ። ልጄ የሚሻለው አሁንም የእርሱ ጨዋታ መሆኑን፥ ምክንያቱም በአሮጌው ውስጥ የኮኮናት መድፍ እንደሌለ አስረድቶ ነገረን። ከዚህ በኋላ ወንድሜ ሻንጣውን ሊያደራጅ ሲነሣ፥ ልጁ «ማን ነህ?» ወደሚለው ገጽ ተመልሶ ከአጎቱ ስም በታች የራሱን ስም ሲጽፍ አየሁት።