በአፋምቦ ያጠናሁት ትምህርት

የአዋሽ ወንዝ ወደ ባሕር ሳይደርስ ከሐይቆች ገብቶ በሚያልቅበት አገር፥ በአፋምቦ፥ በመንግሥት ሥራ ላይ ሳለሁ ስለ ተፈተንሁት ፈተና ጥቂት ላወጋችሁ እወዳለሁ። ፈተናው ሴኩሪቲ ፕላስ ይባላል፤ የኮምፒዩተርንና የመረቡን ደኅንነት የሚጠብቅ ሰው ዕውቀቱን የሚያስመሰክርበት ነው። ጊዜው 90 ደቂቃ፥ ጥያቄው ቢበዛ 90፥ ማለፊያውም ከ100 እስከ 900 በሚቈጠር ሚዛን 750 ነጥብ ነው።

ቀን ሙቀቱ ስለማያስነብብ፥ ሌሊት አልጋዬን ወደ ደጅ አውጥቼ በባትሪ ብርሃን አጠና ነበር። መጽሐፉ ሲጀምር ሦስት ነገር ያስተምራል፤ ይኸውም ምስጢር ለማይገባው እንዳይገለጥ፥ መረጃ ሳይለወጥ እንዲቈይ፥ ለሚገባውም ሰው በፈለገው ጊዜ እንዲገኝ ነው። ይህን በቃሌ ያዝሁ። ሰውን አታልሎ ምስጢሩን ስለ ማውጣት የሚናገረውን ምዕራፍ ግን፥ እውነቱን ለመናገር፥ ቀላል ነው ብዬ ዘለልሁት።

በዚያው ሳምንት እናቴ ከደሴ ደወለች። «ከባንክ ነኝ» ያለ ሰው በስልኳ የደረሳትን የምስጢር ቍጥር አስነግሯት፥ ለእኅቴ ልጅ ክርስትና ያጠራቀመችውን ገንዘብ ወስዶባታል። እኔም በቍጣ «ሳታጣሪ እንዴት ትሰጪዋለሽ?» አልኋት። ጥቂት ዝም ብላ፥ «ልጄ፥ አንተ የምትማረው ይህንኑ አይደለምን? መቼ ነገርኸኝ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እንዲህ ያለውን ማታለል የሚቀጣ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958 በ2008 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ሌባው ግን አልተገኘም፥ ገንዘቡም አልተመለሰም። እኔም አዲስ አበባ ሄጄ ብፈተን 703 አግኝቼ ወደቅሁ።

አፍሬ ስመለስ፥ ሁለት አፋሮች በመንገድ ተገናኝተው ዳጉ ሲለዋወጡ ቆሜ አየሁ። ከዚህ ቀደም ብዙ ጊዜ አይቼ አልፌዋለሁ። ዳጉ የወሬ ልውውጥ ነው፤ ነገር ግን እንደ ከተማ ወሬ አይደለም። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን በጆሮው ከሰማው ይለያል፤ የሰማውንም ከማን እንደ ሰማው ይጠየቃል። በበረሃ የውኃና የሣር ወሬ ሐሰት ቢሆን ከብት ያልቃልና፥ ሐሰተኛ ወሬ ያቀበለ ሰው በጐሣው ዘንድ ይነወራል። መጽሐፌ በባዕድ አገር ቢሮ ምሳሌ የሚያብራራውን፥ እነዚህ እረኞች በየመንገዱ ይሠሩታል።

ከዚያ ወዲህ አጠናኔን ለወጥሁ። እሑድ እሑድ ለእናቴ እየደወልሁ አንድ አንድ ምዕራፍ በአማርኛ አስረዳት ጀመር፤ ለእርሷ ማስረዳት ያቃተኝን ሁሉ እንዳላወቅሁት ቈጠርሁት። አንዱን ቍልፍ ለሁሉ ሰጥቶ ሁለተኛውን ለራስ ስለሚያስቀሩበት የምስጢር አጻጻፍ ሦስት ሌሊት የደከምሁበትን ነገር ስነግራት፥ «ማንም ይጨምርበታል፥ ባለ ቍልፉ ብቻ ይከፍተዋል፤ ሙዳየ ምጽዋት ነዋ!» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስከ ዛሬ አላነበብሁም።

በሁለተኛው ጊዜ 771 አገኘሁ። ከፈተናው ቤት ስወጣ ስልኬ ጠፍቶ ነበርና፥ በወዳጄ ስልክ ደውዬ «እማዬ፥ አለፍሁ!» አልኋት።

«አንተ ማን ነህ?» አለችኝ።

ስሜን ነገርኋት።

«ስሙንማ ማንም ያውቀዋል። ልጄ በሕፃንነቱ ይጠብቃት የነበረችው ላም ስሟ ማን ነበር?»

«ቦራ» አልኋት።

ያን ጊዜ እልል አለች።