ቃሉን እንጂ ነገሩን

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። የእንጅባራን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ማታ ማታ ከልጅ ልጄ ጋር ከሰሉን ከበን እንቀመጣለን። ዘጠነኛ ክፍል ገብታ ስለነበር የባዮሎጂ ደብተሯን ይዛ ታጠናለች። ስለ ሴል ጠየቅኋት። አንድ ሙሉ አንቀጽ በእንግሊዝኛ አንዲት ቃል ሳትስት አነበነበችልኝ። ደስ ብሎኝ «በይ አሁን ደግሞ በአማርኛ ንገሪኝ» ስላት ዝም አለች። ቆየት ብላ «እማማ፣ ቃሉን እንጂ ነገሩን አላውቀውም» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። እንደ ብዙዎቹ የአዊ ልጆች ትምህርት የጀመረችው በአዊኛ ነው፤ ከዚያ አማርኛ መጣ። እንግሊዝኛ እንደ አንድ ትምህርት አብሯት ቢቆይም፣ ዘጠነኛ ክፍል ስትደርስ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ሆነባት። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ቋንቋ ብቻ ነው አልልም። ነገር ግን ጥያቄው ያልገባው ልጅ መልሱን ከየት ያመጣል?

የልጅቷ ንግግር አንድ የድሮ ነገር አስታወሰኝ። ዲፕሎማዬን ይዤ በዳንግላ ወረዳ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ ከሩቅ ቀበሌ ለመጣች እናት የእከክ መድኃኒት ሰጠሁ። የሚቀባ ነው። ጠርሙሱ ላይ «ለውጭ አካል ብቻ» የሚለው በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ሰልፉ ረጅም ስለነበር በአማርኛ ጥድፍ ጥድፍ ብዬ ነገርኳትና «ገባሽ?» አልኳት። «እህ» አለች። እሷ የምትናገረው አዊኛ ነበር። በማግስቱ ልጁን አዝላ እየሮጠች መጣች። እንደ ሳል ሽሮፕ በማንኪያ አጠጥታው ኖሯል፤ ያስመልሰዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ። ጥፋቱ ግን የእሷ ሳይሆን የእኔ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንንም «ገባሽ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። «እስቲ በራስሽ አፍ መልሰሽ ንገሪኝ» ነው የምለው።

ለልጅ ልጄም ያንኑ ለማድረግ ወሰንኩ። ችግሩ እኔ ራሴ የመድኃኒት እንግሊዝኛ እንጂ የሚሰማና የሚነገር እንግሊዝኛ የለኝም። ጎረቤቴ የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ቡና ጠርቼው አማከርኩት። «ሲስተር፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ እኔም አነጋገሬን ያስተካከልኩት ከስልኬ ነው» አለኝ። በትሕትናው ወደድኩት።

ያሳየኝን ላካፍላችሁ። የመጀመሪያው የቢቢሲ የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ ነው። ቢቢሲ እንግሊዝኛን በሬዲዮ ማስተማር የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1943 ሲሆን፣ ዛሬ በኢንተርኔት በነፃ ይሰጣል። ስድስት ደቂቃ የሚፈጅ ዝግጅት አለው፤ ከነጽሑፉ ይወርዳል። ሁለተኛው የብሪቲሽ ካውንስል ነው። ለትልልቆች፣ ለሕፃናትና ለመምህራን ለየብቻ የተዘጋጁ ገጾች አሉት። የሕፃናቱ መዝሙርና ተረት ነው፤ የመምህራኑ የትምህርት ዕቅድ ጭምር ይዟል። ሦስተኛው የአፍሪካ ስቶሪቡክ ይባላል፤ አጫጭር የሕፃናት ታሪኮችን በእንግሊዝኛም በአማርኛም ስለያዘ አንዱን ታሪክ በሁለቱ ቋንቋ ማንበብ ይቻላል። ለታናሽ ወንድሟ የመረጥኩት ይህን ነው።

ለእሷ ግን ከሁሉም የጠቀማት የአሜሪካ ድምፅ ነበር። እንደ አውሮፓውያኑ ከ1959 ጀምሮ በ1,500 ያህል ቃላት፣ በአጭር ዓረፍተ ነገር፣ ቀስ እያለ የሚነበብ ዝግጅት ነበረው። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የጣቢያው ሥራ ቢቋረጥም፣ መምህሩ ቀደም ብሎ ያወረዳቸውን በሚሞሪ ካርድ ሰጠን። ሚሞሪ ካርዱን አትናቁት። በክልላችን ኢንተርኔት በጠፋባቸው ወራት ሲያስተምርበት የነበረው በእሱ ነው። የዳታ ዋጋም ለጡረተኛ ቀላል አይደለም፤ ዋይፋይ ካለበት ቦታ አንዴ አውርዶ ቤት መስማት ብዙ ያተርፋል።

እንደ መድኃኒት መጠን ወሰንኩለት፤ ከእራት በኋላ 20 ደቂቃ፣ ከዚያ ስልኩ ወደ እኔ ይመለሳል። መጀመሪያ ጽሑፉን ሳታይ ትሰማለች፤ ቀጥሎ እያየች ትሰማለች፤ በመጨረሻ የሰማችውን በአማርኛ ትነግረኛለች። ከፈለገችም በአዊኛ። ከዚያ በኋላ ነው በራሷ እንግሊዝኛ የምትሞክረው። በመጀመሪያው ሳምንት እኔም እሷም ግማሹ አልገባንም፤ ተሳሳቅን። እኔ ስሳሳት ስታይ የእሷ ፍርሃት ቀለለላት መሰለኝ።

የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የባዮሎጂ ውጤቷ ከመቶ 61 ሆነ። የመጀመሪያው 43 ነበር። ገና ይቀራታል። እኔን ያስደሰተኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ማታ ታናሽ ወንድሟን ሴል ምን እንደሆነ ስታስረዳው ሰማኋት። «ቤታችን ግድግዳ አለው አይደል? በር ደግሞ አለው፤ የሚገባውን ያስገባል፣ የማይገባውን ይከለክላል» ትለዋለች። ይህ ደብተሯ ላይ የለም።

እናንተም ወላጆችና አያቶች፣ እንግሊዝኛ ባትችሉ አትፈሩ። ልጁ ሲያነበንብ ዝም ብላችሁ አትደሰቱ፤ «ገባህ?» ብላችሁም አትለፉት። «እስቲ በራስህ አፍ መልሰህ ንገረኝ» በሉት። ለዚህ ኢንተርኔትም ዲፕሎማም አያስፈልግም።