ከሚላኖ ካቴድራል እስከ ላጋ ወልዴ

ሚላኖ፣ መስከረም

ካቴድራሉ በር ላይ ያለው ሰልፍ አደባባዩን ይዞራል። አብዛኛው ሰው ጣሪያው ላይ ወጥቶ ፎቶ ለመነሣት ነው የመጣው። እኔን ያመጣኝ እዚህ ውስጥ ያረፈ አንድ ካርዲናል ነው፤ አልፍሬዶ ኢልዴፎንሶ ሹስተር። ለ25 ዓመት የሚላኖ ሊቀ ጳጳስ ነበር። በፈረንጆቹ 1996 ዓ.ም. ደግሞ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ብፁዕ ብለውታል፤ በካቶሊክ ሥርዓት ቅዱስ ለመባል አንድ ደረጃ የቀረው ማለት ነው። አንዲት አሮጊት ፊት ለፊቱ ተንበርክከው ይጸልያሉ። ምን እንደሚለምኑት አላውቅም፤ ስለ ተከዜ እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ።

ጥቅምት 17 ቀን 1928 ዓ.ም. እዚሁ ካቴድራል ውስጥ ሹስተር ሰበከ። የጣሊያን ጦር መረብን ከተሻገረ ገና አንድ ወር አልሞላውም። ዕለቱ ፋሺስቶች ወደ ሮም የተመሙበት 13ኛ ዓመት የሚከበርበት ነበር። የስብከቱ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ጦሩ በደሙ ዋጋ ከፍሎ የኢትዮጵያን በር ለካቶሊክ እምነትና ለሮማ ሥልጣኔ እየከፈተ ነው፤ የባሪያዎችን ሰንሰለት እየበጠሰ ነው።

በኤዛና ዘመን መስቀል ገንዘቧ ላይ ላተመች አገር ነው ይህ የተባለው።

የስብከቱን ጉልበት ለመረዳት የዚያን ቀን አድማጭ መሆን ያስፈልጋል። ልጇን ለጦር ሜዳ የሸኘች የሎምባርዲያ እናት ከሬዲዮም ከጋዜጣም የሙሶሊኒን ድንፋታ ሰምታለች። ልታምነውም ላታምነውም ትችላለች። ልጆቿን ያጠመቀች ቤተ ክርስቲያን ስትናገር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ልጇ መሬት ሊቀማ እንደሄደ ሳይሆን ወንጌል ሊሰብክ እንደሄደ አድርጋ ታስበዋለች። መንግሥት ጠመንጃውን ሰጠው፤ ንጹሕ ኅሊናን የሰጠው መንበሩ ነው። እንደ እኔ እምነት ከሁለቱ ከባዱ ስጦታ ሁለተኛው ነው።

ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን፣ በመላው ጣሊያን ሚስቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ ሰጡ። ሮም ላይ መጀመሪያ የሰጠችው ንግሥት ኤሌና ናት። በወርቁ ፋንታ የብረት ቀለበት ተሰጣቸው። ጳጳሳት የአንገት መስቀላቸውን አውልቀው ሰጥተዋል። ሳምንት ሳይሞላ የልዑል ራስ እምሩ ጦር ተከዜ ላይ ከአውሮፕላን የወረደበትን የመርዝ ጋዝ ቀመሰ። መስቀሉን የሰጠ ጳጳስ ይህን አያውቅም ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል። ለማወቅ አልጠየቀም ብሎ መመለስም ይቻላል።

ለፍርድ እንዳልቸኩል የሚይዙኝ ነገሮች አሉ። የሮሙ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በነሐሴ 1927 ለነርሶች ባደረጉት ንግግር የወረራ ጦርነት ፍትሕ የጎደለው ይሆናል ብለው ነበር፤ ወዲያው ደግሞ ለመስፋፋት ስላለ ፍላጎት ተናግረው ቃላቸውን አለዘቡት። ሹስተርም ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሙሶሊኒ የዘር ሕግ ሲያወጣ፣ በዚሁ ካቴድራል ዘረኝነትን መናፍቅነት ብሎ አውግዟል። ሰውየው ድፍረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ድፍረቱ ለእኛ ሲሆን ዘገየ።

ምሽት ላይ ፖርታ ቬኔዚያ ሄድኩ፤ የሐበሻ ምግብ ቤቶች የተሰበሰቡበት ሰፈር ነው። የምግብ ቤቷ ባለቤት ስለ ካቴድራሉ ስጠይቃት ብዙም አልሳባትም። የአያቷ ወንድም የጣሊያን አስካሪ (የቅኝ ግዛት ወታደር) እንደነበር፣ ማተቡን እንዳሰረ እንደዘመተ፣ ዓርብና ረቡዕ በጦር ሜዳም እንደጾመ ነገረችኝ። «እሱንስ በየትኛው ወገን ትጽፈዋለህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ቡናውን እየቀዳች ደግሞ ሌላ ነገር ጨመረች። «ድሮ ሁላችንም አንድ ቤተ ክርስቲያን ነበር የምናስቀድሰው። ከትግራዩ ጦርነት ወዲህ ግማሹ ሌላ ቦታ ይሄዳል። መዝሙሩ ያው ነው፤ የሚጸለይለት ሰው ነው የተለየው።» ስለዚህኛው ጦርነት ለመጻፍ ገና ቅርብ ነው። ይህን ብቻ መዝግቤ አልፋለሁ።

አዲስ አበባ፣ የካቲት

ፒያሳ፣ ጊዮርጊስ። ስምንት ማዕዘኑ ቤተ ክርስቲያን ዓድዋን የሚዘክር ነው። ጦርነቱ የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888፣ በቅዱሱ ዕለት ነው፤ ታቦቱም አብሮ ዘምቷል። የዓድዋን ሥዕል ያየ ሰው ያውቀዋል፦ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ከደመናው ላይ ይዋጋል፣ የኛ ሰዎች ፊታቸው ሙሉ ነው፣ ጣሊያኖቹ ደግሞ በጎን ተስለው አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው። በዚህ አሣሣል ጠላት መሆንህን የሚወስነው ምን ያህል ፊትህ እንደሚታይ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ በየካቲት 1929 ተቃጥሏል። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በወረወሩበት የካቲት 12 ከተማዋ ላይ የተለቀቀው ጭፍጨፋና እሳት ደርሶት ነው። ግራዚያኒ በዚያ ጠዋት የጣሊያን ንጉሥ የልጅ ልጅ ተወለደ ብሎ ለድሆች ምጽዋት ሊያድል ነበር የተሰየመው። ምጽዋት የሃይማኖት ሥራ መሆኑን አውቆ ነው፤ የሚገዛውን ሕዝብ በሚገባው ቋንቋ ሊያነጋግር ፈልጎ።

ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት አለ። ለባቡሩ መሥመር ተነሥቶ፣ ሥራው ሲያልቅ ወደ ቦታው ተመልሷል። ሐምሌ 22 ቀን 1928 በአደባባይ የተረሸኑት ጳጳስ፣ ሕዝቡ ለጠላት እንዳይገዛ ገዝተዋል ተብለው ይታወሳሉ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ብሎ መድረክ ላይ አቁሟቸዋል። ግዝት በዚያ ዘመን ከአዋጅ ይበረታ ነበር። ገበሬው ሊግ ኦፍ ኔሽንስ ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል፤ የተገዘተ መሬት ምን እንደሆነ ግን ያውቃል። ደግሞም የካቶሊክ መንግሥት ሃይማኖቴን ሊለውጥ መጣ ሲባል የሚያስታውሰው ታሪክ ነበረው። ሱስንዮስ የሮምን እምነት ተቀብሎ የፈሰሰው ደም በዝቶ ዙፋኑን ለፋሲለደስ ከለቀቀ ያን ጊዜ 300 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር፤ በገዳማት ግን እንደ ትናንት ይወራል። ሹስተር ሚላኖ ላይ ያለውን፣ የጎጃም ደብተራ ሳይሰማው አስቀድሞ ጠርጥሮታል።

ጦርነቱ የሃይማኖት ጦርነት ነው ብሎ ማመን ለአርበኛው ጉልበት ሆኖታል። ከታሪኩ ያስወጣቸው ሰዎችም አሉ፤ ለእነሱ ስል መርካቶ ወረድኩ።

ታላቁ አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎረቤት ናቸው። የራጉኤል ማኅሌትና የአንዋር አዛን እየተፈራረቁ የሚሰሙበት ሰፈር ነው። አንድ የጨርቅ ነጋዴ፣ ሐጂ፣ ወንበር ሰጡኝ።

«ሐጂ፣ መስጊዱን ጣሊያን ነው ያሠራው ይባላል» አልኳቸው።

«በጣሊያን ጊዜ ነው የተጀመረው፤ ምን ይደበቃል» አሉ። «ጣሊያን መንገድም ሠርቷል። በጣሊያን መንገድ የሄደ ሁሉ ባንዳ ሊባል ነው?»

ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። ሙሶሊኒ ከየካቲት 12 ጭፍጨፋ አንድ ወር ገደማ በኋላ ትሪፖሊ ሄዶ የእስልምናን ሰይፍ ከፍ አድርጎ ራሱን የሙስሊሞች ጠበቃ ማድረጉን ነገርኳቸው። ሰምተውት ያውቃሉ። «እሱ ለእኛ ብሎ መሰለህ?» አሉኝ። «አያቴ ኦጋዴን ግንባር ነው የሞቱት። ጊዮርጊስ ሲነግሥ የዓድዋ ዘማቾች ይነሣሉ፤ ደግ ነው። የእኔን አያት ስም የሚጠራ በዓል ግን የትኛው ነው?»

ኦጋዴን ሲነሣ ጎራሃይ ላይ የተዋጋው ግራዝማች አፈወርቅ ይነሣል። ከኢትዮጵያ ጋር ሆኖ ጣሊያንን የወጋው ሶማሌው ዑመር ሰመተር ግን በብዙ ሰው አፍ የለም። ሰው አውቆ ያስወጣው አይመስለኝም። ታቦት ወጥቶ በሚዘከር ጦርነት ውስጥ፣ ታቦት የሌለው ወታደር የት እንደሚቆም ሠዓሊው ግራ ይገባዋል።

ደብረ ሊባኖስ፣ ግንቦት 12

ሱሉልታን፣ ሙከ ጡሪን አልፈን ወደ ገደሉ አፋፍ ስንደርስ መንገዱ በተሳላሚ ተሞልቷል። ሚኒባሳችን ውስጥ እናቶች ከሌሊቱ ጀምሮ እየዘመሩ ነው። ሹፌሩ የመርካቶ ልጅ ነው፤ ሙስሊም ነው፤ በየዓመቱ ለዚህ በዓል ሰው ይጭናል፤ እናቶቹም በስሙ ሲጠሩት አየሁ። «ጋሼ፣ ማታ ስንመለስ ጸበል በጀሪካን ስለሚጭኑ ቦታ ይያዙ» ብሎ አስጠነቀቀኝ።

ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ አፅም ነው። ጄኔራል ማሌቲ በ1929 ገዳሙን የከበበው ለዚህ በዓል ነበር። ግራዚያኒ መነኮሳቱ ቦምብ ከወረወሩት ጋር አብረዋል ብሎ ደምድሟል፤ ትእዛዙም ምክትል አበምኔቱን ጨምሮ ሁሉም ሳይለዩ ይረሸኑ የሚል ነበር። በዓሉን ብለው የመጡ ተሳላሚዎችም አብረው ተያዙ። በማግስቱ፣ ግንቦት 13፣ በመኪና እየተጫኑ ላጋ ወልዴ ወደሚባለው ሜዳ ተወስደው ተረሸኑ። የግራዚያኒ ቴሌግራም 297 መነኮሳትና 23 ምእመናን ይላል። ከቀናት በኋላ ደግሞ 129 ዲያቆናት ደብረ ብርሃን አካባቢ ተገደሉ። ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ የዓይን ምስክር ፈልገው ባደረጉት ጥናት ግን የሟቾቹ ቁጥር ከ1,400 በላይ፣ ምናልባትም 2,000 የሚደርስ ነው።

ሰባኪው ዐውደ ምሕረቱ ላይ ይህን ታሪክ በደንብ ተረከው። ድምፅ አለው፤ ጊዜ አለው። ዝም ሲል ሰዉ ያለቅሳል። በእሱ አነጋገር የሞቱት ሰማዕታት ናቸው፤ አክሊል ወርዶላቸዋል። ይህንን አልቃወምም። በዳር ቆሜ ያስተዋልኩት፣ ቦምቡ፣ የአርበኞቹ እንቅስቃሴ፣ የሸዋ ገዳማት ለተቃዋሚው ስንቅና መጠለያ መሆናቸው፣ ይህ ሁሉ ከትረካው መውጣቱን ነው። ሰማዕት ያለ ምክንያት መሞት አለበት፤ ምክንያት ካለው አርበኛ ይሆናል። መነኮሳቱ ሁለቱንም ሊሆኑ እንደሚችሉ የሚያስብ ሰው በጉባኤው ላይ ቢገኝ ደስ ባለኝ።

ከዚያ «የተኮሱት እስላም ወታደሮች ናቸው» አለ፤ አለና ወደ መዝሙሩ ገባ።

ሐሰት አይደለም። ለግድያው የተመደበው ሙስሊሞች ያሉበት የቅኝ ግዛት ሻለቃ ነው። የተመረጠበትም ምክንያት ይታወቃል፦ ክርስቲያን አስካሪዎች መነኩሴ ላይ ለመተኮስ ያመነታሉ ተብሎ ተፈርቷል። አንዱን ሃይማኖት በሌላው ላይ ማሰለፍ የቢሮ ሥራ ነበር፤ የፈጸሙት ከኢትዮጵያ ውጪ የተመለመሉ የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ስብከቱ ውስጥ ግን «እስላም» የሚለው ብቻውን ቀረ። አገሩም አዛዡም ሳይነገሩ ቀሩ።

ሹፌሩ ከዛፍ ሥር ሆኖ ሰምቶ ነበር። «ጋሼ፣ ከየት አገር እንደሆኑ ቢናገር ምን ይጎዳዋል?» አለኝ። «አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። እነዚህ እናቶች ማታ ከእኔ ጋር ነው የሚመለሱት።»

ወደ ውስጥ ገብቼ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ አገኘሁ። ነገሩን አጫወትኳቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ልክ ነው ልጄ» አሉ። «እኛም ያደግነው ጣሊያን ገደላቸው ሲባል ነው። የወታደሩን ሃይማኖት የሚጠይቅ አልነበረም፤ ይሄ የአሁን ነው።»

«ታዲያ አባ፣ ለምን አይነግሩትም?»

«አንተ ንገረው። የእኔን ተግሣጽ ለምዶታል፤ የእንግዳ ይሰማ ይሆናል። ጥቁር ካባ የደረበው ነው፤ ለከሰዓቱ ጉባኤ ሳይወጣ ድረስበት።»

ደረስኩበት። ወጣት ነው፤ ከቅርብ ሲታይ ድካም አለበት። ስለ ሻለቃው፣ ስለ አመራረጡ ነገርኩት። መጀመሪያ ቅር አለው፤ «በዓል ላይ የታሪክ ክርክር አይመችም» አለኝ። ስለ ሹፌሩ ስነግረው ዞር ብሎ ወደ መኪኖቹ ተመለከተ። ከዚያ ካባውን ሰብስቦ ስልኩን አወጣና «ምንጩ ምንድን ነው? መጽሐፍ ነው ሰነድ? በቴሌግራም ይላኩልኝ፤ ሳላነብ አልናገርም» አለኝ። ቁጥሩን መዘገብኩ። ደውሉ ተደወለ፤ እሱ ወደ ዐውደ ምሕረቱ ወጣ፣ እኔ ጀሪካኖቹ ሳይጫኑ ቦታ ለመያዝ ወደ ሚኒባሱ ሄድኩ።