ነርስ ለመሆን ለምታስቡ

ጧት ጧት ከአየር ጤና ወደ ዘነበወርቅ የሚወስደውን መንገድ ይዞ የሚሄድ ሰው ሁለት ዓይነት መንገደኛ ያያል። አንደኛው ደብተሩን በብብቱ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጠው ወጣት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ካርዱን በፌስታል ጠቅልሎ፥ በዘመድ ትከሻ ተደግፎ፥ ወደ አለርት ሆስፒታል የሚያዘግመው ሕመምተኛ ነው። እኔም የኮልፌ ቀራንዮ ነዋሪ እንደ መሆኔ መጠን ሁለቱንም ለብዙ ዓመት አይቻለሁ። ዛሬ ልጽፍላችሁ ያሰብኩት የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሊደርስለት ስለሚችልበት መንገድ ነው። ውድ አንባቢዎች ሆይ፥ ተማሪዎች ብትሆኑ ለራሳችሁ፥ የመንግሥት ሠራተኞች ብትሆኑም ከደመወዛችሁ እየቀነሳችሁ ለምታስተምሩት ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ይጠቅማችኋልና እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

በሰፈራችን የሚገኙትን ተማሪዎች «ወደ ፊት ምን ለመሆን ታስባላችሁ?» ብዬ ስጠይቃቸው፥ ሐኪም፥ መሐንዲስ፥ አብራሪ ይሉኛል። «ነርስ» የሚለኝ ከስንት አንድ ነው። ኋላ ግን ነርሲንግ የሚማሩትን ሳነጋግር፥ ብዙዎቹ ሐኪም ለመሆን ፈልገው ነጥቡ ስላልበቃቸው እዚያ መመደባቸውን ይነግሩኛል። ነገሩ የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ በሽተኛውን አይቶ፥ አዝዞ ያልፋል፤ ሌሊቱን ሙሉ ከአልጋው አጠገብ የሚቆየው ነርሱ ነው። ታዲያ ይህ ሰው ሥራውን ከሌላ ሥራ የተረፈ ፍርፋሪ አድርጎ ከቆጠረው፥ በሽተኛው ምን ተስፋ አለው?

ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በለንደን ከተማ ነርስነትን ተምራ በ1931 ዓ.ም. ስትመረቅ፥ ማንም ነጥብ ቆጥሮ አልመደባትም፤ ራሷ መርጣ የገባችበት ነው። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ሆና በሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ ቁስል አጥባለች፥ አልጋ አንጥፋለች። አገሯ ከገባች በኋላ ብዙ ሳትቆይ በ1934 ዓ.ም. ለቀምት ላይ ዐረፈች። በስሟ የተሠራው ሆስፒታል ዛሬ ጦር ኃይሎች አጠገብ የሚገኘው የሠራዊቱ ሆስፒታል ነው። ከሰፈራችን በታክሲ ወደ መርካቶ ወይም ወደ ሜክሲኮ የምትሄዱ ሁሉ በዚያ በኩል ታልፋላችሁ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። በሩ የሚከፈተው 12ኛ ክፍል ሲደረስ የሚመስለው ብዙ ነው፤ ነገር ግን 11ኛ ክፍል ላይ የተፈጥሮ ሳይንስን ያልመረጠ ተማሪ በሩን ራሱ ዘግቶታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው አገር አቀፍ ፈተና ነው። እንግሊዝኛ፥ ሒሳብ፥ ፊዚክስ፥ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፥ የአፕቲትዩድም ፈተና ይኖርበታል፤ ማለፊያውም ግማሹን ማግኘት ነው። ግማሽ ሲባል ቀላል አይምሰላችሁ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3፥ በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ብቻ ነበሩ። ለጥቂት ለጎደለባቸው ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሪሚዲያል የሚባለው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ተጀምሯል፤ ቢሆንም እርሱን ተስፋ አድርጎ መተኛት አይበጅም።

«ለነርስ ሒሳብ ምን ያደርግላታል?» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። እናቴ ታማ በተኛች ጊዜ አጠገቧ ሆኜ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት ውስጥ እንዲገባላት ታዘዘ። ወጣቷ ነርስ የቱቦውን መጠቅለያ አነበበች፤ አንዱ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ነው። አንድ ሺውን በ20 አበዛች፥ ለ480 ደቂቃ አካፈለች፥ 42 ጠብታ ያህል በየደቂቃው መሆኑን አወቀችና ሰዓቷን እያየች መቁጠር ጀመረች። ወረቀትም አልያዘችም። ይህ ከስድስተኛ ክፍል ሒሳብ የማይበልጥ ነው፤ ነገር ግን ቢሳሳቱት የሰው ልብ ይጨነቃል። መጠቅለያው ላይ ያለው ጽሑፍ ደግሞ እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛን ለፈተና ብቻ የሚሸመድድ ሰው ኋላ መድኃኒት ሲያነብ ይቸገራል።

ዩኒቨርሲቲ ከገባችሁ በኋላ ሁለተኛ በር አለ፤ ብዙ ልጆች የሚዘናጉትም እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የወል ትምህርት ይሰጣል፤ የትምህርት ክፍል የሚደለደለው ከዚያ በኋላ በውጤትና በምርጫ ነው። ከቤት ርቆ፥ በአዲስ ነፃነት ሲዝናኑ የሚያልፈው የመጀመሪያ መንፈቅ የአራት ዓመቱን ዕጣ ይወስናል። ቅጹ ሲመጣ ነርሲንግን የምትፈልጉ ከሆነ በላይኛው መስመር ጻፉት፤ ጓደኛ ስቆባችሁ ወደ ታች አታውርዱት።

በከተማችን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጥቁር አንበሳ በኩል፥ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅም ይህን ትምህርት ያስተምራሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱ የመግቢያ ፈተና ስላለው የአገር አቀፉ ውጤት ብቻውን አይበቃም። በየአስፋልቱ ዳር ሰሌዳ የሰቀሉትን የግል ኮሌጆች በሚመለከት፥ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሰጠው ለዚያው ግቢና ለነርሲንግ ዲግሪ መሆኑን ጠይቁ፤ ለሌላ ትምህርት የተሰጠን ፈቃድ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ማሳየት ቀላል ነው። ለዲግሪ ያልበቃ ውጤት ያለው ደግሞ በቴክኒክና ሙያ በኩል በደረጃ የሚሰጠውን የነርስነት ሥልጠና ተከታትሎ፥ የብቃት ምዘናውን አልፎ፥ እየሠራ ወደ ዲግሪ የሚሻገርበት መንገድ አለው። የዚህ ደንብ ግን ስለሚለዋወጥ የዓመቱን ማስታወቂያ ማንበብ ያሻል።

ወንዶች ልጆች «ይህ የሴት ሥራ ነው» ስትሉ እሰማለሁ። አለርት የሥጋ ደዌ ሕመምተኞችን ለማከምና ባለሙያ ለማሠልጠን በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም ከሰው ሁሉ የተገለለውን የሚነካ እጅ ይፈለግ ነበር፤ እጁ የወንድ ይሁን የሴት የጠየቀ ሕመምተኛ ያለ አይመስለኝም። ዛሬም በየድንገተኛ ክፍሉ በመኪና የተገጨ ሰው አንሥቶ አልጋ ላይ የሚያስተኛ ጉልበት ያስፈልጋል።

ከትምህርቱ መጨረሻ ላይም ሁለት ፈተና ይጠብቃል። አንዱ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዲግሪ ተማሪ ሁሉ የሚቀመጥለት የመውጫ ፈተና ነው፤ ሌላው የጤና ሚኒስቴር የሚሰጠው የሙያ ፈቃድ ፈተና ነው። በሽተኛ አጠገብ ብቻችሁን የምትቆሙት እነዚህን ካለፋችሁ በኋላ ነው።